ተራራው ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ስለ በጎ ፈቃድ ስኪ ፓትሮል ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲያትል ነው። ካስኬድ ተራሮች ላይ በበጎ ፈቃድ ስኪ ፓትሮል ሳገለግል ዘንድሮ ዘጠነኛ ክረምቴ ነው፤ ስኪ ፓትሮል ማለት በረዶ ላይ ለሚንሸራተተው ሰው ተራራውን ከአደጋ የሚጠብቅና የተጎዳውን የሚያወርድ ቡድን ነው። ስለ ሥልጠናችን ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ እዚሁ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ተራራው ሳይከፈት ለፎቶም ቢሆን ወደ ላይ አትውጡ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከአውሮራ፦ ከመክፈቻው በፊት ምን ሥራ አለ? በረዶው እስኪወርድ መጠበቅ አይደለም እንዴ?

አይደለም ወንድሜ። ዋናው ሥራ ያኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረዶው ስስ ነው። ድንጋዩን፣ ጉቶውንና ዥረቱን ይሸፍናል እንጂ ገና አልቀበረውም፤ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ሜዳ ይመስላል። ስለዚህ በበጋ ያየነውን እያስታወስን በእግር እንዞራለን። አደገኛውን ቦታ በቀርከሃ እናጥራለን፣ ገመድ እንዘረጋለን፣ የ«ዝግ ነው» ምልክት እንሰቅላለን። በረዶው ከጠጠረ ቀርከሃው በእጅ አይገባም፤ በረዶውን በድሪል ነው የምንበሳው።

ገመድ ላይ ችኩል ሰው አልወድም። ከጉብታ ጀርባ የተዘረጋ ገመድ ራሱ አደጋ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ሰው ከሩቅ አይቶ መቆም መቻል አለበት። በደንብ መወጠር፣ ባንዲራም ሊኖረው ይገባል። በረዶ በጣለ ቁጥር ስለሚቀበር ደግሞ እየሄድን ከፍ እናደርገዋለን። ሰውን በኬብል ወደ ላይ የሚያወጣው የሊፍቱ ምሰሶ ላይ የሚታሰረው ፍራሽም እንደዚያው ነው፤ በረዶው ሲጨምር ፍራሹ ካልተነሳ ሰው የሚመታው ባዶውን ብረት ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ተራራ ላይ ዥረት ያለበትን ጥግ «ነገ እናጥረዋለን» ብለን አደርን። በማግስቱ አንድ ልጅ በረዶውን ጥሶ ገባና የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በስሌድ (በሽተኛ ተጭኖ በረዶ ላይ በሚጎተተው) ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «ነገ» የሚባል ቃል ሲነሳ ደስ አይለኝም።

ከቨርጂኒያ፦ ስንት ይከፈላል?

አይከፈልም። በጎ ፈቃድ ነው። ብዙ ቦታ የዓመት የሊፍት ማለፊያ ይሰጣሉ።

ከዴንቨር፦ እኔ ይሄ አይገባኝም። ትርፍ ለሚያግበሰብስ ኩባንያ በነፃ መሥራት ምን ይባላል?

ሌላ ሰው፣ ከሲያትል፦ እድር የምትገባው ደመወዝ ተከፍሎህ ነው?

ከዴንቨር፦ እድር ለሰዉ ነው፣ ባለ አክሲዮን የለውም። በ2024 መጨረሻ ዩታ ውስጥ ፓርክ ሲቲ ላይ ደመወዝተኞቹ ፓትሮለሮች ሥራ ያቆሙት በክፍያ ምክንያት አልነበረም? በነፃ የሚሠራ ሰው ካለ እነሱን ማን ይሰማቸዋል?

ከሲያትል፦ እግሩ የተሰበረው ሰው ግን ባለ አክሲዮን አይደለም።

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ደመወዝተኞቹ የሚገባቸውን ማግኘት አለባቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ነገሩ ሲጀመር ግን ኩባንያ አልነበረም። ሚኒ ዶል የሚባል ሰው በ1936 ቬርሞንት፣ ስቶው ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጓደኞቹ ያወረዱት በጣሪያ ቆርቆሮ እየጎተቱ ነው። ከረዱት አንዱ ብዙም ሳይቆይ በስኪ ውድድር ላይ ሞተ። ብሔራዊ ስኪ ፓትሮል በ1938 የተቋቋመው ከዚያ ሐዘን ተነስቶ ነው። የክፍያውን ክርክር እዚህ ላይ እናቁመው፣ ጥያቄ አለ።

ነርስ ነኝ፣ ከታኮማ፦ እኔም ኮርሱን መውሰድ አለብኝ?

እህቴ፣ ልምድሽ በጣም ይጠቅማል። ሥራው ግን ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ መብራት አለ፣ ሙቀት አለ፣ ሰው ትጠሪያለሽ። እዚህ በጓንት፣ ዳገት ላይ ተንበርክከሽ፣ በረዶ እየጣለ ነው ስብራት የምታስሪው። የድንገተኛ ሕክምና ኮርሱ 100 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ተራራው ከመከፈቱ በፊት ክለሳ አለ። ፈቃድ ያላቸው የሕክምና ባለሙያዎች ኮርሱን የሚያሳጥሩበት መንገድም ስላለ አስተባባሪውን ጠይቂ። ከኮርሱ በኋላ ስሌድ መንዳት ትማሪያለሽ። ከፊት እጀታውን ይዘሽ ትመሪያለሽ፣ ከኋላ ሌላ ሰው ገመድ ይዞ ይከተላል፣ ቁልቁለቱ ሲብስ ከስር ሰንሰለት ይለቀቃል። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ጓደኛሽን ጭነሽ ነው የምትለማመጅው። እኔ በተራዬ ተጭኜ ስወርድ ነው በሽተኛው ምን ያህል እንደሚፈራ የገባኝ።

ከኦክላንድ፦ ስለ ስኪ ንገረን።

ምኑን? ለይተህ ጠይቅ ወንድሜ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ሊፍቱ ቢቆም ሰዉን እንዴት ታወርዳላችሁ?

በየዓመቱ ከመክፈቻው በፊት እንለማመደዋለን። ገመድ በሊፍቱ ኬብል ላይ ይወረወራል፣ መቀመጫው ወደ ላይ ይላካል፣ ሰውየው ይቀመጥበታል፣ እኛ ከታች ገመዱን ይዘን ቀስ እያልን እናወርደዋለን። ሰውን የሚያረጋጋው ከታች የሚሰማው ድምፅ ነው። ተረጋግተህ አውራው።

ከአትላንታ፦ ለመሆኑ «ስኖው» በአማርኛ በረዶ ነው? በረዶ እኮ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠሩ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ አመዳይ ነው። ኢሳይያስ 1፥18 ላይ አመዳይ ነው የሚለው።

ከአትላንታ፦ አመዳይ ለእኛ አገር ጠዋት ሣሩ ላይ የሚነጣው ውርጭ ነው።

የፈለጋችሁትን በሉት። ቀጥሉ።

ከቤልቪው፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ለመንሸራተት ልውጣ? ሊፍቱ አይሠራም ግን በረዶ አለ።

አይሆንም። ላይ ጽፌያለሁ፤ በደንብ ልንገርህ። ከመክፈቻው በፊት በረዶውን የሚደለድሉት ማሽኖች ሌት ተቀን ይሠራሉ። ገደላማ ቦታ ላይ ማሽኑ በዊንች ገመድ፣ ማለትም እየተጠቀለለ በሚስበው ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ቀጭን ብረት ሆኖ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይዘረጋል። ላልቶ በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና ማሽኑ ሲንቀሳቀስ በአንዴ ተወጥሮ ይነሳል። በጨለማ አይታይም። ሰው ገድሏል። ልጆችህን ለመንሸራተቻ ወደ ተፈቀደ ቦታ ውሰዳቸው።

ከኬንት፦ ግን ቀን ላይ ከሆነስ? ለፎቶ ብቻ?

አትውጡ። ቀንም፣ ለፎቶም።

ከሬንተን፦ በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው በራዲዮ ምልክት የሚፈልጉበት መሣሪያ፣ ቢከኑ፣ ከስልክ ጋር ይጋጫል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ስልክህን ከቢከኑ ስትሄድ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የተቀበረ ሰው ስትፈልግ 50 ሴንቲ ሜትር አርቀው። የተሻለው ማጥፋት ነው። ከናዳ ስር ያለ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ጓደኛው ካላወጣው እኛ አንደርስም። ቢከን፣ ረጅም ዘንግ፣ አካፋ፤ ሦስቱም ከሌሉህ ከገመዱ ውጭ አትሂድ።

ከዳላስ፦ አበሻና ስኪ ምን አገናኘው?

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ለኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። ቀጣይ።

ነርስ ነኝ፣ ከታኮማ፦ ኮርሱን እስክጨርስ የሚመጣው እሁድ ገመድ ለመዘርጋት መምጣት እችላለሁ?

ትችያለሽ እንጂ! ለአስተባባሪው ልንገርልሽ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቂኝ፣ ከቡድኑ ጋር ነው የምንወጣው፣ ብቻሽን አትጀምሪ። የቆዳ ጓንት ያዢ። የሱፉን ጓንት የቀርከሃው ስንጥር ይበሳዋል።