ጀበናና ሲኒ ዲሽዋሸር ውስጥ ይገባሉ ወይ?

እህቴ፣ «አዲስ የገባንበት አፓርታማ ዲሽዋሸር አለው፤ የቡና ዕቃዬንና ድስቶቼን ልክተትበት ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እዚህ ቨርጂኒያ በ11 ዓመት ያየሁትን ልንገርሽ።

ጀበናሽን በፍጹም እንዳታስገቢ! ሸክላ ውኃ ይመጥጣል። ማሽኑ ደግሞ በሙቅ ውኃና በኃይለኛ ሳሙና ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የሚያጥበው። ሳሙናው ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል። እኔ አንዴ ከትቼው በማግስቱ እንግዳ ጠርቼ ቡና አፈላሁ። አቦሉን ገና ስቀምሰው ሳሙና ሳሙና አለኝ። ደጋግሜ ውኃ አፍልቼበት ደፋሁ፤ ሽታው አልለቀቀም። ጀበና በሙቅ ውኃ ተለቅልቆ፣ ተዘቅዝቆ ከደረቀ ይበቃዋል። የሸክላ ድስትም እንደዚያው።

ሲኒ እንደ ዓይነቱ ነው። ነጩ ተራ ሲኒ ምንም አይሆንም። ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን ግን በእጅሽ እጠቢ። እናቴ የላከችልኝ ስድስት ሲኒዎች ነበሩኝ። ወርቁ በየእጥበቱ እየሳሳ ሄዶ አሁን የቀረው እዚህም እዚያም ቢጫ ጭረት ነው። ሳየው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአገር ቤት ያመጣሽው ድስት አልሙኒየም ከሆነ ተዪው። ሳሙናው ስለሚበላው ያ የሚያብረቀርቅ ድስት ጠቁሮ ይወጣል፤ ስትነኪውም ጣትሽን ያጠቁራል። ስቴንለሱን ግን ያለ ሐሳብ ክተቺ።

ማማሰያ፣ መክተፊያ፣ ረከቦት፣ እንጨት የሆነ ሁሉ ይቅር። ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥሩ ቢላም ስለቱ ይደንዛል። የቡና ፔርሙስም በእጅ ይታጠብ።

ፕላስቲክ ከሆነ መጀመሪያ ገልብጠሽ ሥሩን እዪ። ሳህንና የውኃ ጠብታ የተሣለበት ምልክት ካለው ይገባል፤ ከሌለው በእጅ። ስታስገቢውም የላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ብዙዎቹ የአሜሪካ ማሽኖች ማሞቂያቸው ከታች ስለሆነ ስስ ፕላስቲክ ይጣመማል። ቀይ ወጥ የነበረበትን ደግሞ ቅባቱን በወረቀት ጠርገሽ አስገቢ፤ አለዚያ የበርበሬው ቀለም ሌላውንም ፕላስቲክ ያቀላዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የማሽን ሳሙና ግዢ። በእጅ የምናጥብበትን ፈሳሽ ሳሙና ጠብ እንዳታደርጊበት። አረፋው በበሩ ሥር እየወጣ ወጥ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል፤ ከታች ጎረቤት ካለሽ ደግሞ ለእነሱም ይተርፋል።