ዜሮ ዜሮ ቪታራ ወይስ ያገለገለ ላንድክሩዘር፤ ለሳቢያኑ ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እንደሚኖሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራ ወደ ሽንሌና ኤረር እንደሚወርዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናትዎን ለመጠየቅ ሐረር እንደሚወጡ ገልጸው፣ በያዙት ገንዘብ «ዜሮ ዜሮ» (ገና ያልተነዳ) ሱዙኪ ቪታራ ወይም ብዙ ዓመት ያገለገለ ፕራዶ ወይም ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር መግዛት እንደሚችሉ ጽፈው የትኛው እንደሚያዋጣ ጠይቀዋል። ከላይ መልስ የሰጡት ወንድሞች በአብዛኛው ዋጋን ከዋጋ ጋር አስተያይተዋል። እኔ ያገለገለውን ራሴ ገዝቼ፣ አዲሱን ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ገዝቶ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ስለጀመርናቸውና ወጪያቸውን በደብተር ስለያዝኩ፣ በዚያው ላይ ተመሥርቼ ልመልስልዎት።

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ናፍጣ ፕራዶ በ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ገዛሁ። ደላላው ያስሞከረኝ ከዚራ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በደልዳላ አስፋልት ላይ ነበር፤ መኪናውም እንደ ወተት ፈሰሰልኝ። ታኅሣሥ 18 ቀን ቤተሰቤን ጭኜ ለገብርኤል ንግሥ ወደ ቁልቢ ስወጣ፣ ከድሬዳዋ ሽቅብ በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት መሐል መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ እየቆምን መሄድ ስንጀምር፣ የሙቀት መለኪያው ቀስቴ ከመሐል ተነሥታ ቀስ በቀስ ቀዩ ላይ ደረሰች። ሞተሩን አጥፍቼ ኮፈኑን ስከፍት የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። በአካባቢው ያሉ ልጆች በጄሪካን ውሃ አምጥተውልን እንደምንም ዳገቱን ጨረስነው፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ያለ ምክንያት መጉደል ጀመረ። መካኒኩ ሲፈታው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተሰንጥቋል፤ ራዲያተሩም ከግማሽ በላይ በነጭ ድንጋይ መሰል ነገር ተደፍኗል። ያ ነጭ ነገር ከእኛው ቧንቧ የመጣ ነው። የድሬዳዋን ውሃ በጀበና የሚያፈላ ሁሉ የሚያውቀው ነጭ ቅርፊት በራዲያተር ቱቦዎችም ውስጥ እንዲሁ ይጋገራል። የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጨምር መኖሩ ግልጽ ነበር። በዚያ ሥሪት ፕራዶ ላይ የሚገኘው 3 ሊትር ቱርቦ ሞተር ደግሞ ሲግል ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ ይህን ግን እኔ የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለጥገናው 140 ሺህ ብር ወጣ፤ የገዛሁበት ዋጋ 13 በመቶ ያህል መሆኑ ነው፤ ይህም በሦስተኛው ወር።

የባለቤቴ ወንድም በዚያው ዓመት 1.6 ሊትር ቤንዚን ቪታራ በ1 ሚሊዮን 250 ሺህ ገዛ። በስድስት ዓመት ውስጥ እሱ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለአሞርዛተር 190 ሺህ ብር ገደማ አወጣ፤ እኔ የቴስታታውን ጨምሮ 480 ሺህ አወጣሁ። በነዳጅም የእኔ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ሲጠጣ የእሱ 8 ነበር። እስከዚህ ድረስ ብቻ ካየን አዲሱ አሸንፏል። ይሁን እንጂ እሱ አንድ ጊዜ ወደ ኤረር ሲወርድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ በድንጋይ የዘይት ቋቱን ቀድዶ፣ ዘይቱ አሸዋው ላይ ሲፈስ እየተመለከተ አምስት ሰዓት ቆሟል፤ የጎተትኩትም እኔው ነኝ፣ በዚያው በተሰደበ ፕራዶ። ከዚያ ወዲህ፣ እስክንሸጣቸው ድረስ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር መኪናዬን ይዋስ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋ ልመለስ። ሁለታችንም ባለፈው ዓመት ስንሸጥ ከገዛንበት ከሦስት እጥፍ በላይ አግኝተናል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «መኪና ያተርፋል» ይላል፤ እኔ ግን አልስማማም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ በሸጥኩበት ብር የምገዛው ያንኑ የሚመስል መኪና እንጂ የተሻለ አይደለም። በተጨማሪ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በዚያው በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ተተኪ አጥተው ተወደዱ። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የሞተሩ መጠን ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ መኪና ላይ 100 በመቶ፣ ከ1300 እስከ 1800 ሲሲ ባለው ላይ 60 በመቶ ጥሎ፣ አሮጌ ሆኖ ለሚገባው ደግሞ እስከ 500 በመቶ አድርሶት ነበር። ይህ ሁሉ ተደማምሮ አገር ውስጥ ለዓመታት የተነዳ ላንድክሩዘር እንደ ወርቅ እንዲቆጠር አድርጎታል። ሻጩ የሚጠራው ዋጋ ከመኪናው ጤንነት ይልቅ ከዚህ እጥረት የሚመጣ ስለሆነ፣ ዋጋው መወደዱን የደህንነቱ ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት።

«ዜሮ ዜሮ» የሚባለውንም ቢሆን በጥንቃቄ ይዩት። ከእገዳው በፊት ገብቶ በግቢ የቆመ መኪና ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ቢሆንም ዕድሜው ዜሮ አይደለም፤ በእኛ ሙቀት ውስጥ የቆመ ጎማና ባትሪ ሳይነዳ ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ያገኛሉ፤ 2321 ቢል በፈረንጆቹ 2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ አምስት ዓመት ካለፈ የአራት ጎማ ዋጋ ከጠቅላላው ላይ እንዲቀነስልዎት ይከራከሩ። ኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ ለከተማና ለሐረር መንገድ ጥሩ ነው፤ ለኤረር አሸዋ ግን፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት፣ አልመክርም።

ቪታራውና ሃርድቶፑ ሁለቱም ፎር ዊል ተብለው ይሸጣሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከፈረንጆቹ 2015 ወዲህ ያለው አዲሱ ቪታራ በአራቱም ጎማ ቢነዳም፣ በአሸዋና በዳገት ቀስ ብሎ በጉልበት የሚያስኬደው የዝቅተኛ ማርሽ ማስተላለፊያ የለውም፤ ሆዱም ከመሬት 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ከእሱ በፊት የነበረው ግራንድ ቪታራ በአብዛኛው ዝቅተኛ ማርሽ ስላለው፣ ንጹሕ ከተገኘ፣ ለእርስዎ ሥራ ከአዲሱ ይበልጣል። ጂምኒም 21 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ የራሱ ሻንሲና ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ የሚቀመጡበት ግን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሻንጣም አይጠይቁት። ሃርድቶፑ፣ ማለትም 4.2 ሊትሩ ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ስለሆነ ደንገጎ ላይ ሲኖትራክ ተከትለው ቢወጡ አይግረምዎት፤ ከባሕር ወለል ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ ቱርቦ የሌለው ሞተር አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ከ1200 ሜትር ተነሥቶ ከ2000 በላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይታወቃል። ከኋላ በባሌስትራ ስለሆነ እናትዎን ሲጭኑ ወገባቸውን ያማርራሉ። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለበት ማንኛውም የድሬዳዋ ጋራዥ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። የታይሚንግ ቺንጊያው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየሩን ብቻ ያረጋግጡ፤ ካልተረጋገጠ በገዙ ማግሥት ያስቀይሩት።

ያገለገለ ሲባልም እንደ ቀድሞ ባለቤቱ ይለያያል። አንድ ሰው ለዓመታት የነዳው፣ ሊብሬው በስሙ ያለ መኪና ለእኔ ቀዳሚ ነው። ከድርጅት በጨረታ የወጣ ላንድክሩዘር አገልግሎቱ በሰዓቱ የተደረገለት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በገጠር የተሠቃየ ስለሆነ ሻንሲው መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅና ብየዳ ይፈልጉ፣ ቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ ተከፍሎ ካልተጠናቀቀ ስም እንደማይዛወር አይዘንጉ። «ወረቀቱ ይጨረሳል፣ አንተ ብቻ ቀብድ ስጥ» የሚባልበትን መኪና ጭራሽ አይቅረቡ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በራስዎ ባትሪ አብርተው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አልቆጥረውም፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየና መሪው ተፍቆ ከለሰለሰ 80 ሺህ የሚለው ቁጥር ሐሰት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ማልደው፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ቤቱ ያግኙት። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣትዎን አፉ ላይ ያዙሩ፤ ነጭ ዱቄት ከወጣ የእኔን ታሪክ ያስታውሱ፤ ቡናማ ቅባት ከወጣ ደግሞ ዘይት ከውሃ ተቀላቅሏልና ተመልሰው ይሂዱ። ከዚያም አራት ሰው ጭነው፣ ኤሲ ከፍተው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህሉን ዳገት እስከ ደንገጎ ይውጡ። ሻጩ «ነዳጅ ይፈጃል» ካለ ነዳጁን እርስዎ ይሙሉለት። ሲመለሱ አንድ ሜዳ ላይ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ፤ ከተቀመጠ ዓመታት ያለፈው ማስተላለፊያ አልገባም ይላል፣ ወይም ገብቶ አልወጣም ይላል። በከተማ ውስጥ ብቻ የተነዱ ብዙ ፕራዶዎች ላይ ይህን አይቻለሁ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በዝናብ ወራት ወደ ኤረር የማይሄዱ ከሆነ ቪታራውን ይግዙ፣ በእርጋታም ይኖራሉ። በዝናብ ወራትም የሚወርዱ ከሆነ ግን ወረቀቱ የጸዳ ሃርድቶፕ ይፈልጉ፤ ይሁንና ገንዘብዎን ሁሉ ለሻጩ አይስጡ፤ አንድ አምስተኛውን ለራዲያተር፣ ለጎማ፣ ለቺንጊያና ለአሞርዛተር ያስቀሩ። የሚፈልጉት መኪና ከአራት አምስተኛው ገንዘብ በላይ ከተጠየቀበት፣ አቅምዎ ለእሱ አልደረሰም ማለት ነውና ወደ ግራንድ ቪታራ ይውረዱ። ያገለገለውን ፕራዶ በተመለከተ ወገንተኛ ነኝ፣ ቁስሌ ገና አልዳነም፤ ቴስታታው መቀየሩን በደረሰኝ የሚያሳይ ሻጭ ካልተገኘ አልመክርም።

ከሐረር ወይስ ከድሬዳዋ ልግዛ ላሉት፣ እኔ ሐረርን እመርጣለሁ። ዋጋው ብዙም አይለይም፤ ሐረር ቀዝቃዛ በመሆኑ ግን ሞተሩም፣ ጎማውም፣ የውስጥ ወንበሩም እንደ ድሬዳዋው አይቃጠልም። ብቻ ሐረር አይተው ሲስማሙ ሙከራውን ደንገጎን ቁልቁል ወርደው እንዳይጨርሱት፤ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያሳይዎታል፣ ሞተሩን የሚያዩት ግን መልሰው ሽቅብ ሲወጡ ነው።