ቁጥሩ 1930 ቢልም ላይካውን ገና አትሽጪው

እህቴ፣ ከአባትሽ የወረስሽው የላይካ ካሜራ መለያ ቁጥሩ በሰንጠረዥ ላይ እ.ኤ.አ. 1930 እንደሚል ገልጸሽ «ስንት ያወጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር ዋጋ የደረደሩልሽን ሁሉ እለፊያቸው፤ አንዳቸውም የካሜራውን ፊት አሳዪን አላሉሽም። የእኔም ቁጥር የ1930 ስለሆነ የሚጠብቅሽን አውቀዋለሁ።

1ኛ፦ ሰንጠረዡ የሚናገረው ቁጥሩ የተመደበበትን ዓመት ብቻ ነው። ፋብሪካው ቁጥር የሚመድበው አስቀድሞና በጅምላ ስለነበር ካሜራው ዘግይቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሌንሱ ላይ ሌላ ቁጥር ካየሽም አትደንግጪ፤ የሌንስ ቁጥር የራሱ ተራ አለው።

2ኛ፦ ካሜራውን ከፊት ለፊት እዪው። በመመልከቻው ግራና ቀኝ ሁለት ክብ መስኮቶች ካሉት አብሮ የተሠራ የርቀት መለኪያ አለው ማለት ነው፤ ያ የመጣው በ1932 ከሞዴል 2 ጋር ነው። ፊቱ ላይ ለዝግተኛ ፍጥነቶች የምትዞር ትንሽ ቁልፍ ካለች ደግሞ ሞዴል 3 ነው፤ እሱ የ1933 ነው። ታዲያ የ1930 ቁጥር እዚያ ምን ይሠራል? የእኔም እንዲህ ነበርና ወደ አንድ ዋጋ ገማች ወሰድኩት። ክፍያውን አስቀድሞ ተቀበለኝ፤ ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገባና ቀና እንኳ ሳይል «ቁጥሩና ሞዴሉ አይገጥሙም፤ ፎርጅድ ነው» አለ። ሌንሱን ፈትተህ ውስጡን እይ ብለው «ሥራዬን አታስተምረኝ» ብሎ ገላመጠኝ። ወዲያው ደግሞ ለመለዋወጫ በርካሽ ልግዛህ ማለት! ሐሰተኛ ነው ብሎ የፈረደበትን ዕቃ ለመግዛት እንዲህ የሚቸኩል ሰው አይቼ አላውቅም። ካሜራዬን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

ያ ሰው ያላወቀው ወይም ማወቅ ያልፈለገው ነገር ይህ ነው፦ ፋብሪካው ራሱ ደንበኞች የሚመልሱለትን አሮጌ ካሜራ ወደ ሞዴል 2 ወይም 3 ያሳድግ ነበር፤ የቀድሞው ቁጥርም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ አለመግጠሙ ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይሆንም። ዋጋው ላይ ግን ልዩነት ያመጣል፤ ሰብሳቢዎች ምንም ያልተነካውን ያስበልጣሉ።

3ኛ፦ እውነተኛ ፎርጅድ ግን ሞልቷል። በዩክሬኗ ካርኪቭ ከ1934 ጀምሮ የተሠራው ፌድና ከ1948 ጀምሮ የወጣው ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ላይካን አስመስለው የተሠሩ ስለነበሩ፣ አጭበርባሪዎች ስማቸውን ፍቀው «ላይካ» ብለው ቁጥር ይቀርጹባቸዋል። ወርቅማ ቀለም፣ የናዚ ምልክት ወይም የ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ጽሑፍ ካየሽ ከዚያ ራቂ። ሌንሱን ፍቺና ከቀዳዳው በላይኛው በኩል ያለውን የርቀት መለኪያ ክንድ ተመልከቺ። የላይካው ጫፍ ትንሽ ክብ ጎማ ነው፤ የፌድና የዞርኪው ተዳፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። የእኔ ክብ ነበር፤ ገማቹ አንድ ደቂቃ ቢሰጠው ኖሮ ያየው ነበር።

ቁጥሩ ዋጋ የሚያመጣው ከጀርባው ታሪክ ሲገኝ ነው። በ2022 በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣው ቁጥር 105 የካሜራው ፈጣሪ የኦስካር ባርናክ የግል ንብረት ነበር፤ ስሙም ተቀርጾበታል። የእኛዎቹ እዚያ አይደርሱም፤ ቢሆንም ኩባንያው የድሮ የመላኪያ መዝገቦች ስላሉት በቁጥሩ ጽፈሽ ብትጠይቂ አይከፋም።

እስከዚያው ቀለሙን አትወልውዪ፤ የተቀረጸውን ጽሑፍም በነጭ ቀለም አትሙዪ። የፊቱንና የውስጡን ፎቶ እዚህ ስትለጥፊ የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ሸፍኚ፤ የሌላ ሰው ቁጥር ሰርቀው ፎርጅድ ላይ የሚቀርጹ አሉና።