የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአያቴ ረመዳንና የመጽሐፉ 1939

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። እናቴን የወለዱት አያቴ ወደ አኺራ ከመሄዳቸው በፊት ያወጉኝን በደብተር ጽፌ አስቀምጫለሁ። በልጅነታቸው ደሴ ላይ አውሮፕላን ቦምብ የጣለበትን ቀን ሲያስታውሱ «ረመዳን ነበር፣ ጁምዓ ነበር፣ እህሉም ገና አውድማ ላይ ነበር፤ ሱሁር በልተን ጧት ሰማዩ አጓራ» ይሉ ነበር። ከዚያ ስንት ዓመት እንዳለፈ ባያውቁትም፣ በበልግ ጊዜ ከኮምቦልቻ በኩል መድፍ ለቀናት ሲጮህ መስማታቸውን ይናገሩ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 እንደ ጀመረ በትምህርት ቤት ስለ ተማረ፣ አያታችን ዘመኑን አምታተውታል ባይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ምን ብዬ ልጻፍ? ያ ጦርነትስ ከዓለም ጦርነት ይቆጠራል?
አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አያትዎ አላምታቱም። የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጧት ሲሆን፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዘመኑ በሂጅራ አቆጣጠር 1354 ነው፤ የዚያ ዓመት ረመዳን የገባው በኅዳር አጋማሽ ስለ ሆነ ቦምቡ የወደቀው ጾሙ በተያዘ በአሥረኛው ቀን ገደማ ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ስለሚዞር፣ አንዴ በአጨዳ ወራት ከዋለ ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጾሙን፣ የሳምንቱን ቀንና አውድማውን አንድ ላይ ያስታወሱ ሴት ዓመተ ምሕረት ባይጠሩም ዘመኑን በትክክል ነግረውዎታል። ይህን መልስ ለመጻፍ ሦስቱን የቀን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳሰላ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ያለፈው የአንዲት ሕፃን ትዝታ ያለ አንዳች መዛነፍ ሲገጥም በማየቴ ልቤ ተነክቷል።

በዚያ ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለሰሜኑ ጦር ቅርብ ለመሆን ደሴን ማዘዣ ጣቢያቸው አድርገው ነበር፤ ከተማይቱ ለድብደባ የተመረጠችውም በዚህ ምክንያት ነው። ከተጣለው መካከል የሚያቃጥል ቦምብ ስለ ነበረበት የሣር ክዳን ቤቶች ነደዱ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። በከተማው የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ስለ ነበሩ ወሬው ወዲያው ወደ ዓለም ወጣ፤ ነገር ግን የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ካደረገው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን ስላስቀረ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን አላቆሙም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ደሴ ገባ።

የእህትዎ ልጅ የተማረው 1939 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት ያ ቀን በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ይውላል፤ ይህም ደሴ ከተደበደበች ወደ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ማለት ነው። (ልጁ 1939ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዞት ከሆነማ፣ በዚያን ጊዜ የዓለሙ ጦርነት አብቅቶ እንደ ነበር ይንገሩት።) የአውሮፓ መጻሕፍት የጦርነቱን መጀመሪያ ከፖላንድ መቁጠራቸው በራሳቸው ምድር ከሆነው አንጻር የሚያስወቅሳቸው አይደለም። እኔ ግን ጦርነቱ ወሎ የገባው በ1928 ነው ብዬ እጽፋለሁ። በሁለቱ ዘመናት መካከል የነበሩት ዓመታት ሰላም አልነበሩምና። በዋግና በላስታ ሕዝቡ በ1929 ማብቂያ ላይ ሲነሣ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መባቻ ተገድለዋል፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲታይ ተደርጓል። በእነዚያ ዓመታት አርበኞቹን የሚረዳ ኃያል መንግሥት አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነው፤ በዚያን ቀን የእኛ ጦርነት ከዓለሙ ጦርነት ጋር ተጋጠመ።

አያትዎ የሰሙት ሁለተኛው ድምፅም የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ ከወጣች በኋላ፣ በሚያዝያ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ጣልያን ራሱ ባሠራው መንገድ ወደ ሰሜን መጣ። ጣልያኖች ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ተራራማ መተላለፊያ ይዘው መድፍ ጠምደው ጠበቁት። አርበኞችም ከጎኑ ሆነው ለቀናት ከተዋጉ በኋላ ምሽጉ ተሰብሮ፣ በዚያው ወር ደሴ ተያዘች። የጣልያን እንደራሴ የነበረው የኦስታው መስፍን በአምባላጌ እጁን የሰጠው በሚከተለው ግንቦት ነው። ወቅቱ በልግ መሆኑን፣ መድፉም «ለቀናት» መጮኹን አያትዎ በትክክል ይዘውታል።

በደብተሩ ላይ የተናገሩትን ቃል ሳይነኩ ያኑሩት፤ «ረመዳን ነበር፣ ጁምዓ ነበር» የሚለውን በ«ኅዳር 26» አይተኩት፤ ቀኑን ያገኘነው ከዚያ ቃል ነውና። ከሥሩ በሌላ ቀለም የመጀመሪያውን «ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ረመዳን 1354 ሂጅራ»፣ ሁለተኛውን «ሚያዝያ 1933 ዓ.ም.» ብለው ይጻፉ። በዚያ ጧት አያትዎ ደሴ ውስጥ ይሁኑ ወይም ከከተማው ውጭ ጥያቄዎ አይገልጽም። የሚያውቅ ዘመድ በሕይወት ካለ፣ ከየት ቦታ ሆነው እንዳዩ ጠይቀው ቢጨምሩበት መልካም ነው።