ሶኒ ሌንሱ ብዙ ነው፤ ላንቺ ግን የትኛው ይሻላል?

ጥያቄሽን አየሁት እህቴ። ላላያችሁ፦ ሰርግና ምርቃት ትሠራለች። እጇ ላይ ያለው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነ24-70 (ኤፍ 2.8፣ ሁለተኛው ስሪት)፣ 70-200 ኤፍ 2.8 እና ትንሿ 50 ኤፍ 1.8 ነው (የፊተኛው ቁጥር የሌንሱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ ኤፍ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ስለደከመ ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስተዋት ወደሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት፣ ልትሻገር ፈልጋለች። ጓደኞቿ «ካኖን በአዲሱ ሲስተም ሌንስ የለውም፤ ሁሉንም ሽጠሽ ሶኒ ግቢ» ይሏታል። ሌላው ደግሞ ኒኮን ዜድ (የኒኮን ሚረርለስ) እያለ ያደናግራታል። ሦስቱን በሌንስ በኩል አወዳድሩልኝ ነው ያለችው።

እኔ በካኖን ጀምሬ ዛሬ በሶኒ ነው የምሠራው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኒኮን ይዟል፤ ካኖንም ከጓደኛ እየተዋስኩ ከእጄ አልጠፋም። ሶኒ ይዤም ቢሆን ላንቺ የምለው ይሄ ነው፦ ሌንሶችሽን አትሽጪ። የካኖን ሚረርለስ የሆነውን አር6 ማርክ 2 ቦዲውን ብቻ፣ የድሮ ሌንሶችሽን ከሚያገናኝለት አዳፕተር ጋር ግዢ። ምክንያቴ ረዘም ስለሚል ቡና ይዘሽ አንብቢ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

«ካኖን ሌንስ የለውም» የሚለው ወሬ ከመሬት አልተነሳም። ካኖን የአርኤፍ ማውንትን (የሚረርለሱን የሌንስ ማሰሪያ) በ2018 ሲያወጣ ለሌሎች አምራቾች በሩን ዘጋ። ቪልትሮክስ የሚባለው አምራች ኦቶፎከስ ያላቸው (ራሳቸው ፎከስ የሚያደርጉ) የአርኤፍ ሌንሶች መሥራት ጀምሮ ነበር፤ በ2022 ካኖን አስቆመው። ሲግማና ታምሮን በፈቃድ መምጣታቸው የተሰማው በ2024 ነው፤ እነሱም የጀመሩት በክሮፕ ሴንሰር (በትንሹ ሴንሰር) ሌንሶች ነው፤ ላንቺ ፉል ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር) አይጠቅሙሽም። ሶኒ ግን የራሱን ማውንት፣ የኢ ማውንትን፣ መሠረታዊ መረጃ ገና በ2011 ለሌሎች ከፍቶታል። ሶኒ ጋ የምታዪው የሌንስ ብዛት ግማሹ ሶኒ የሠራው አይደለም፤ በሩ ክፍት ስለሆነ የገባ ነው።

ካኖን ጋ የሚጎድለው መሃሉ ነው። ከታች ጎበዝ ነው፤ አርኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ክብደቷ 160 ግራም ነው፣ ስትወጣ ዋጋዋ 199 ዶላር ነበር። ከላይም ጎበዝ ነው፤ ቀይ ቀለበት ያለው 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል (ኤል የካኖን ውድ ሌንሶች ምልክት ነው) ስታቢላይዘሩን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋውን፣ ውስጡ ይዞ 2,299 ዶላር ነው የወጣው። በሁለቱ መካከል፣ ሰርግ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሊገዛው የሚችል ኤፍ 2.8 ዙም ለዓመታት አልነበረም። ሶኒ የያዘው ግን ከ2018 ጀምሮ የታምሮን 28-75 ነበረው፤ በ2021 የወጣው ሁለተኛ ስሪት 540 ግራም ሆኖ በ899 ዶላር ነበር የተሸጠው። የሲግማ 24-70 አለ፤ እሱም በ2024 ታድሶ 1,199 ዶላር ወጣ። ካኖን መልስ የሰጠው በዚያው በ2024 በ28-70 ኤፍ 2.8 ነው፤ 495 ግራም፣ 1,099 ዶላር። በጣም ቆንጆ ሌንስ ነው፤ ግን ሁዱን (ሌንሱ ፊት የሚታሰረውን የብርሃን መከላከያ) ለብቻ ነው የምትገዢው። ካኖን ኤል ላልሆነ ሌንስ ሁድ ካርቶኑ ውስጥ አይጨምርም። ሺ ዶላር አስከፍሎ የፕላስቲክ ቁራጭ መንፈግ እስካሁን ያናድደኛል።

ይሄ ሁሉ ግን ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ነው። አንቺ መሃሉ በቦርሳሽ ውስጥ ነው ያለው።

አዳፕተር ስልሽ በመሃል መስታወት የሚጨምር፣ ጥራት የሚቀንስ ዕቃ እንዳይመስልሽ። የኢኤፍ ሌንስ (ያንቺ ዓይነት የድሮው የካኖን ሌንስ) ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው፤ የአርኤፍ ማውንት 20 ላይ ነው። የካኖን አዳፕተር የቀረውን 24 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ ነው ያለው። በዓይንሽ ብታዪበት ወዲያ ማዶ ይታያል። ስለዚህ የ24-70ሽ ምስል ያው የምታውቂው ነው፤ ፎከሱ ግን ይለወጣል። በ5ዲሽ ነጥብ መርጠሽ፣ ፎከስ ይዘሽ፣ ፍሬሙን መልሰሽ የምታስተካክዪው ሥራ ይቀራል። ሙሽራዋ እየተራመደች ስትገባ አር6 ዓይኗን ራሱ ይዞ ይከተላል፤ ያንኑ አሮጌ ሌንስ ይዞ። 24-70ሽ ስታቢላይዘር የለውም፤ የአር6 ማርክ 2 ሴንሰር ራሱ ስለሚያረጋጋ ያም ጉድለት ይሸፈንልሻል።

የኢኤፍን ሌንስ ሶኒ ላይም በአዳፕተር ማሰር ይቻላል፤ ሲግማ ኤምሲ-11 የሚባለው ይታወቃል። ሞክሬዋለሁ። ቀን ለቀን፣ ለቆመ ሰው ይሄዳል፤ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ ሲጀመር ግን ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ገንዘብ የተከፈለበት ቅጽበት ያልፋል። «መጀመሪያ ሶኒ ቦዲ ልግዛ፣ ሌንሱን ቀስ ብዬ እቀይራለሁ» የሚለውን ሐሳብ ለሰርግ ሠሪ የማልመክረው ለዚህ ነው። ፍላሽሽንም አትርሺ፤ የካኖን ፍላሽ ሶኒ ላይ በቲቲኤል (ብርሃኑን ራሱ ለክቶ) አይሠራም። ሶኒ ስትገቢ ሌንስ ብቻ አይደለም የምትቀይሪው።

አሁን ሶኒን ላመስግን፣ ያለዚያ አድልዎ ይሆናል። እኔን እዚያ ያቆየኝ ሌንስ የሶኒ እንኳ አይደለም፤ የታምሮን 35-150 ነው። 35 ላይ ኤፍ 2፣ 150 ላይ ኤፍ 2.8። ቅልቅል ላይ መብራቱ ደብዝዞ፣ ወንበር ከወንበር ተጠጋግቶ፣ መንቀሳቀሻ ሲጠፋ ሌንስ ሳልቀይር ከጠረጴዛው ሙሉ እስከ እናትየዋ ፊት እሄዳለሁ። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ 35 ላይ ኤፍ 2 አድርገሽ ፍላሹን በማኑዋል ካስተካከልሽ፣ ዙም ስታደርጊ ቀዳዳው ራሱ ወደ 2.8 ይጠባል፤ ፎቶው በአንድ ስቶፕ (ብርሃኑ በግማሽ ቀንሶ) ይጨልማል። ፍላሽ ስጠቀም ከመጀመሪያውኑ 2.8 ላይ አስሬ ነው የምሠራው፤ ኤፍ 2ን ለአዳራሹ መብራት ብቻ አስቀምጣለሁ። ክብደቱ 1,165 ግራም ነው፤ ምሽት ላይ ክንድ ይቆጥረዋል። ለሶኒም ለኒኮን ዜድም አለ፤ ለአርኤፍ የለም። ካኖን ላይ ብቆይ የምናፍቀው አንድ ሌንስ ቢኖር ይሄ ነው።

ሶኒ ላይ የሌላ አምራች ሌንስ ስታስሪ ገደብ አለው ይባላል፤ እውነት ነው። እንደ ኤ1 ባሉ ፈጣን የሶኒ ካሜራዎች ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 15 ፎቶ ላይ ይቆማል፣ ቴሌኮንቨርተርም (ሌንስ የሚያረዝም ተጨማሪ ዕቃ) አይቀበልም። ኳስና ወፍ ለሚያነሳ ነው እንጂ ለእኛ ሥራ ምንም አይደለም።

ስለ 70-200 ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ የሚውለው እሱ ነው። የኢኤፍ ሁለተኛው ባለ አይኤስ (ካኖን ለሌንስ ስታቢላይዘር የሚሰጠው ስም) 1,490 ግራም ነው። የሶኒው ጂኤም 2 1,045፣ የካኖኑ አርኤፍ 1,070። ከአራት መቶ ግራም በላይ መቀነሱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከጠዋቱ የሙሽራ ቤት እስከ ማታ ለያዘው ሰው ትንሽ አይደለም። የ2019ኙ አርኤፍ ግን ያጠረው ዙም ሲደረግ አፍንጫው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። ለጥምቀት ጃንሜዳ ይዤው ወጥቼ ነበር። ሕዝቡ ሲንቀሳቀስ የሚነሳው አቧራ በተዘረጋው ቱቦ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዙሙን በመለስኩ ቁጥር በጨርቅ መጥረግ ሆነ ሥራዬ። ጎማው አቧራ እንዲከላከል የተሠራ ነው፣ ውስጡም አልገባም፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። የሶኒውና የኒኮኑ ውስጥ ለውስጥ ነው ዙም የሚያደርጉት። ካኖንም በ2024 ርዝመቱ የማይቀያየር፣ ቴሌኮንቨርተር የሚቀበል ሌላ 70-200 አውጥቷል፤ ዋጋውን አታንሺብኝ። የአንቺም አሮጌው ኢኤፍ ውስጥ ለውስጥ ነው፤ ከነክብደቱ በአቧራ በኩል ከማንም አያንስም።

ኒኮን ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ይወራለታል። ኤፍ 1.8 የሆኑት የኤስ ሌንሶች፣ 35ቱ፣ 50ው፣ 85ቱ፣ ጥራታቸው ዋጋቸው ከሚለው በላይ ነው፤ ሁዳቸውም ካርቶኑ ውስጥ አለ። የሴንሰር ርቀቱ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሶኒ ሌንስ እንኳ 2 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀጭን አዳፕተር ከነኦቶፎከሱ ይቀበላል፤ የኒኮን ዜድ ሌንስ ሶኒ ላይ ማሰር ግን አይሆንም። አሮጌ የኒኮን ሌንስ ላላችሁ፦ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ውስጡ ሞተር ስለሌለው የድሮዎቹ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርጉት። ሰሜን ተራራና ባሌ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ኒኮንን አስቀድማለሁ። ጭላዳ ብዙ ስለማይሸሽ በ70-200 ይነሳል፤ ሳነቲ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማንሳት ግን ርዝመት ያስፈልጋል። የኒኮን 180-600ው ሲወጣ 1,699 ዶላር ነበር፤ የሶኒው 200-600 በ1,999 ነው የወጣው። ሰርግ ላይ ግን የኒኮን ችግሩ ሌላ ነው፦ ባትሪ ቢያልቅብሽ፣ ሌንስ ቢወድቅብሽ ከጎንሽ ካለው ካሜራማን የምትበደሪው አይኖርም። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ አያለሁ፤ የራሱን ሁሉ በሁለት ይዞ ነው የሚወጣው።

መበደሩ ቀልድ እንዳይመስልሽ። አንቺ የማን ቡድን ውስጥ ነሽ? ሁለተኛ ካሜራ ሆነሽ የምትሄጂላቸው ሰዎች ሁሉም ሶኒ ከሆኑ፣ ሌንስ እየተቀያየሩ የሚሠሩ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩትን ግማሹን ይሽረዋል። ኪራይም እንደዚያው ነው። በምትሠሪበት ከተማ ዓርብ ማታ ደውለሽ ቅዳሜ ጠዋት የምታገኚው ሌንስ የየትኛው ሲስተም ነው? ይሄን እዚህ ያለን ሰው ሁሉ ከሚነግርሽ ይልቅ አከራዮቹን በስልክ ጠይቂ።

ገንዘቡን እንየው። ሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ውጭ ዘመድ አምጣልኝ ብሎ አዲስ ሌንስ መግዛት ሌላ ሒሳብ ሆኗል። የኢኤፍ ሌንስ ደግሞ ሁሉም እየሸጠ ስለሆነ ያንቺን በደህና ዋጋ የሚወስድልሽ የለም። ርካሽ ሸጠሽ ውድ ልትገዢ ነው ማለት ነው። ተቃራኒውን አድርጊ፦ ሌሎች በሚጥሉት ዋጋ ደህና ያገለገለ ኢኤፍ ብታገኚ፣ ለምሳሌ 16-35፣ አንቺ ግዢ። መስታወቱን በስልክሽ መብራት ከኋላ አብርተሽ እዪ፤ ፈንገስ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ጥግ ላይ ይታያል። ካለበት በነጻም አትውሰጂ።

ከአዲሶቹ አርኤፍ መጀመሪያ የምትገዢው 85 ኤፍ 2 ይሁን። ስሙ ላይ ማክሮ አለው፤ ግማሽ መጠን ድረስ ስለሚቀርብ የሙሽራዋን ፖርትሬት ያነሳሽበት ሌንስ ቀለበቱንም ያነሳልሻል። የሶኒም የኒኮንም 85 ኤፍ 1.8 ከ80 ሳንቲ ሜትር በታች አይቀርቡም፤ እኔ ለቀለበት ብቻ ብዬ ሌላ ማክሮ ተሸክሜ ነው የምዞረው። ይሄ አርኤፍ ፎከሱ ዝግ ያለ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለጭፈራ አታውጪው፣ ለእሱ 70-200ሽ አለልሽ።

ካሜራውንና ሌንሱን ሁሉ ተሰርቄ ከዜሮ ልጀምር ብትዪኝ ኖሮ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4፣ ታምሮን 28-75 እና አንድ 85 ብዬ በሁለት መስመር እጨርስልሽ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልን፦ 70-200ሽ የትኛው ነው? ባለ አይኤስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ ምንም አትንኪው። አይኤስ የሌለው የ1995ቱ ከሆነም አር6 ላይ በቦዲው ስታቢላይዘር ነፍስ ይዘራል፤ ግን እሱን ከመወሰንሽ በፊት አር6ቱን ከነአዳፕተሩ ለአንድ ቅዳሜ ተከራይተሽ አዳራሽ ውስጥ ሞክሪው።