ከምን ልጀምር? ከበቆሎ መፈልፈያ

«ቡሬ አካባቢ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በእጃቸው ቆርጠው፣ ሞርደው የሚሠሩት ነገር እፈልጋለሁ፤ በጀት ግን የለም። ከምን ልጀምር?» ብለህ ለጠየቅከው መምህር፦

ወንድሜ፣ ሮቦት መሥራት አስበህ ከሆነ ለጊዜው ተወው። በእጅ የሚያዝ የበቆሎ መፈልፈያ አሠራቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ከተማሪዎች ጋር ብዙ ነገር ሞክሬአለሁ፤ ልጆቹን እንደዚህ ልባቸውን የያዘው ሥራ አላየሁም። አገራችን የበቆሎ አገር ነው። ማታ ማታ ሲፈለፍል አውራ ጣቱ ያልተላጠ ልጅ ክፍልህ ውስጥ ብዙም አታገኝም። በዱላ ሲወቃ ደግሞ ፍሬው ይሰበራል፤ የተሰበረውን ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል።

ዕቃው ቀላል ነው፦ አጭር የብረት ቱቦ፣ ውስጡ በቁመቱ የተበየዱ 4 የላሜራ ክንፎች። ክንፎቹ በአፉ በኩል ዝቅ ብለው ይጀምሩና ወደ ውስጥ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። በቆሎውን በጫፉ በኩል አስገብተህ ስታዞረው ፍሬው ይረግፋል።

ትምህርቱ ያለው ግን ብየዳው ላይ ሳይሆን ልኬቱ ላይ ነው። ልጆቹ ከየቤታቸው በቆሎ ያምጡ። ውፍረቱን ከነፍሬው ይለኩ፤ ፈልፍለው ቆረቆንዳውንም ይለኩ። ትልቁ በቆሎ የቱቦውን አፍ ይወስናል። ቆረቆንዳው ደግሞ በክንፎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ በክር ዙሪያውን ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ። ከዚያ በካርቶን ይሥሩት። ካርቶኑ ላይ ሳይስማሙ ብረት እንዳይነኩ። እዚህ ላይ አትቸኩል፤ ክርክራቸው ራሱ ትምህርት ነው።

ቁርጥራጭ ቱቦና ላሜራ ብየዳ ቤት አይጠፋም። ለተማሪዎች ነው ስትላቸው ብዙዎቹ በነጻ ይሰጡሃል። ብየዳውን ባለሙያው ይሥራው፤ ልጆቹ ያለ መከላከያ መስታወት አይዩ። ብልጭታውን በባዶ ዓይኑ ያየ ልጅ ሌሊቱን ዓይኑን አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረው ያድራል። መቁረጡንና መሞረዱን ግን በብረት መጋዝና በሞረድ ራሳቸው ይሥሩት፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ሴቶቹ ልጆች ማስታወሻ ያዥ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ አደራ። ሞረዱ በተራ ይዙር።

ሲሞክሩ ከረገፈው 100 ፍሬ ቆጥረው ስንቱ እንደተሰነጠቀ ይመዝግቡ። ብዙ ከሆነ የክንፉ ጠርዝ ስለት አለው ማለት ነው፤ ሞርደው ያዶልዱሙት። ቆረቆንዳው ላይ ፍሬ ከቀረ ደግሞ ክንፉ አጥሯል። እጃቸው ከደከመ ቱቦው ላይ እጀታ ቢጨመርበት ምን እንደሚለወጥ ጠይቃቸው። ቶርክን (ኃይል ዕቃን የማዞር አቅሙን) ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ብትጽፈው ማንም አያንቀላፋም።

ጊዜውን ከአዝመራው ጋር አስማማው። ኅዳር ላይ ለኩ፣ ታኅሣሥ ላይ ሥሩ፣ ጥር ላይ በደንብ በደረቀው በቆሎ ሞክሩ። እርጥበት ያለው በቆሎ ፍሬውን አይለቅም፤ ልጆቹም ጥፋቱ የሥራቸው ይመስላቸዋል።