ሆድ የማይፈጀው ነገር

ልጆቼ፣

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 31 ዓመት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን ቤት ስውል የሰፈሩ ወጣቶች አልፎ አልፎ ጎራ ይላሉ፤ ሁለተኛው ቡና ላይ ወሬው ወደ ራሳቸው ጉዳይ ይዞራል። «ምን ሆነህ ነው?» ስል መልሱ አንድ ነው፤ «ደበረኝ»። ፈተና የወደቀውም፣ ፍቅረኛው የተለየችውም፣ አባቱ ሰው ፊት የሰደበውም ደብሮታል። ቃሉን አልጠላሁትም። ግን ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም አንድ ክኒን የሚሰጥ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ያስታውሰኛል።

አማርኛችን በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። ቅር አለኝ፣ ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ቆጨኝ፣ ከነከነኝ፣ ጸጸተኝ፣ ሰጋሁ፣ አፈርሁ እንላለን። የቆጨው ሰው ያመለጠው ነገር አለ፤ የጸጸተው ያጠፋው ነገር አለ። ቅር ያለው ሰው ሄዶ የሚያነጋግረው ሌላ ሰው አለ፤ የሰጋው ገና ያልደረሰ ነገር እየጠበቀ ነው። ሆድ የባሰውን ሰው ደግሞ ምክር አታሸክሙት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉለት። ትክክለኛውን ቃል ስታገኙ፣ ቀጥሎ መደረግ ያለበት ግማሹ አብሮት ይመጣል።

«ከፋኝ» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት። አድራጊው እኛ አይደለንም፤ አንድ ነገር መጣብን፣ እኛ የመጣብን ሰዎች ነን። «ክፉ ነኝ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ሆኖ በመካከላቸው ስንት ርቀት አለ! ያ ርቀት የጠፋባቸውን ብዙ ሰዎች አስታምሜአለሁ። የመጣባቸውን ነገር ራሳቸው አድርገውት ይመጡ ነበር።

ይህን የምለው የሽማግሌ የቋንቋ ፍቅር ይዞኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት፣ የተቆጡና የፈሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ እያሳዩ የተመልካቾቹን አንጎል በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። አሚግዳላ የሚባል፣ አደጋ ሲሸተው ፈጥኖ የሚነቃ የአንጎል ክፍል አለን። ተመልካቾቹ ለሚያዩት ስሜት ስም ሲመርጡለት፣ ይኸው ክፍል ረገብ አለ።

እኛ ግን ያደግነው «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማን ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ሴት ልጅ ድምፅዋ አይሰማም፣ ቻል አድርገው። መቻል ጥሩ ነው፤ እናቶቻችን ባይችሉ ኖሮ እኛም አንኖርም ነበር። ችግሩ፣ ሆድ የተሰጠውን ሁሉ አይፈጅም። እ.ኤ.አ. በ1993 ጄምስ ግሮስ እና ሮበርት ሌቨንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች የሚዘገንን የቀዶ ሕክምና ፊልም አሳዩ። ግማሾቹ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይታይ ታዘዙ፤ ፊታቸውም ጭጭ አለ። ነገር ግን የቆዳቸው ላብና የጣታቸው የደም ዝውውር ሲለካ፣ ሰውነታቸው ካልታዘዙት ይበልጥ ተወጥሮ ተገኘ። የተሰማቸው መዘግነን ደግሞ በምንም አልቀነሰም።

እኔ ይህን ጥናት ያነበብሁት ዘግይቼ ነው፤ ትምህርቱን ግን ቀድሜ ከፍዬበታለሁ። ታናሽ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ዜናውን የሰማሁት ተረኛ ሆኜ፣ በክፍሉ ስልክ ነበር። ስልኩን አስቀመጥሁና የጀመርሁትን መድኃኒት ማደል ጨረስሁ። ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። አለቆቼ ጠንካራ ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው። አምስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት፣ የልጃቸውን ካርድ ቤት ረስተው በመጡ አንዲት እናት ላይ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪያየኝ ድረስ ጮህሁባቸው። ለአንዲት ወረቀት።

ታዲያ ይውጣልኝ ብሎ መፈንዳት ነው የሚሻለው? የለም። ትራስ ደብድብ፣ ዕቃ ሰባብር የሚል ምክር ከየት እንደመጣ እንጃ። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት ተማሪዎች፣ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደው ተገኝተዋል። ንዴት እንዲያልፍ ላብ ሳይሆን ጊዜ ነው የሚፈልገው። እኛ በሥራችን የተቆጣ ሰው ፊት ቆመን አናውቅም፤ ወንበር ስበን ዝቅ እንላለን፣ ድምፃችንን እንቀንሳለን፣ ውኃ እንሰጠዋለን። ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ የደም ምታችሁን አዳምጡ። አየር ስትስቡ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ይዘገያል። እንግዲያው ማስወጫውን ማስረዘም ነው።

ስለ ሐዘን ከሆነ ግን አባቶቻችን ከጥናቱ ቀድመዋል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አይታችኋል? የሞተበት ሰው ማታውን ምንም ሳይሰማ ራቱን በልቶ ይተኛል። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ዘመድ፣ ጎረቤትና የነፍስ አባት ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ። በሩ ሲከፈት ያን ሁሉ ሰው ያያል፤ አፍ ሳይከፈት ይገባዋል። ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል የሚይዙት እጆች አጠገቡ ናቸው፤ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ ቀኑ ገና ሙሉ ነው፤ ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት የለም። በአሜሪካም በእስራኤልም ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሥርዓት ይዘውት ሄደዋል።

አሁን የሚያሳዝነኝ፣ አንዱ የአጎት ልጅ የሟቿን ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ አረብ አገር በሰው ቤት ያለች ልጅ ሳህን እያጠበች የእናቷን ሞት ከስልኳ ታነባለች። ማን ይይዛታል? እባካችሁ፣ በዚህ እንኳ ጣታችሁን ሰብስቡ። ከመለጠፋችሁ በፊት አጠገቧ ያለ ጓደኛ ፈልጉና ደውሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ፦ እንቅልፍና ምግብ የከለከለ፣ ከምትወዱት ሁሉ ያራቀ ሐዘን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባችሁ፣ ወይም መሞትን ካሰባችሁ፣ ይህ ደብዳቤ አይበቃችሁም፤ መሞትን ካሰባችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ለሰው ተናግራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ያቺን እናት ከሰዓት በኋላ ፈልጌ አገኘኋቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ልጃቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ምን ሆነህ ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። አምስት ወር ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ወይም እኔ አላስጠየቅሁም። «ወንድሜ ሞቶብኝ» አልሁ። ልጃቸውን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ «ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ፤ ስነግራቸው አይተውት ለማያውቁት ልጅ፣ ስሙን እየጠሩ ያለቅሱ ጀመር።